ደሴ ወይዘሮ ስህን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወሎ ተወልዶ የተማረ ሰው የትም አገር ቢሄድ አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፦ «ወይዘሮ ስህን ነው የተማርከው?» ደሴ ያለውን የድሮውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማለታቸው ነው። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። መቼ? ከማን ጋር? የት ሰፈር ተከራይተህ? እኔ ዘንድ የሚመጡት ጥያቄዎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ግማሾቹ ከቀድሞ ተማሪዎች፣ ግማሾቹ ከልጆቻቸው ናቸው። ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁለት መስመር በቂው ነው።

ወይዘሮ ስህን ማን ናቸው?

የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። የአምባሰሉን ጃንጥራር አስፋውን አግብተው መነንን ወለዱ። በ1883 የተወለዱት እኚያ መነን በኋላ እቴጌ መነን ሆኑ። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን እንግዲህ የወይዘሮ ስህን የልጅ ልጅ ናቸው ማለት ነው። ወሎን ለረጅም ዓመታት የገዙትም እሳቸው ስለሆኑ፣ የአያታቸው ስም ደሴ ላይ ትምህርት ቤት ላይ መውጣቱ ብዙ አያስገርምም።

የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። ልጅ ኢያሱ የወይዘሮ ስህን ወንድም ናቸው፤ በአባት ይገናኛሉ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤልን ድል ያደረገው ወገን ደግሞ የንጉሡ የልጅ ልጅ ባል፣ የራስ ተፈሪ ወገን ነበር። የወይዘሮ ስህን አባት በአንድ በኩል፣ የልጃቸው ባል በሌላ በኩል። የዚያን ዘመን ፖለቲካ በዘር ሐረግ ለመከተል የሞከረ ሰው ራሱን ቢያመው አይፈረድበትም።

ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸውም መጀመሪያ መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። ክርስትና የተነሡት በ1870 በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ዘመን ነው። የክርስትና አባታቸው አፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ።

ከወይዘሮ ስህን በፊት ወሎ ውስጥ ትምህርት አልነበረም?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ትንሽ ይከነክነኛል። ነበረ እንጂ! ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ቦታ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። ከደሴ ወደ ሐይቅ ደግሞ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። ቦሩ ሜዳ ላይ መምህር አካለ ወልድ ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ነበር።

በሌላ በኩል ዳና፣ ጫሌ፣ ገታ፣ ጀማ ንጉሥ አሉ። ከሩቅ አገር ደረሳ ኪታቡን ይዞ የሚመጣባቸው የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች ናቸው። አዲሱ ነገር ጥቁር ሰሌዳው፣ ደወሉና የክፍል ቁጥሩ ነው። ለመማር ስንቅ ይዞ ከቤት መውጣትን የወሎ ሰው ቀድሞም ያውቀዋል። ቆሎ ተማሪውም ደረሳውም ያንኑ መንገድ ሄደውበታል።

ለምንድን ነው የወሎ ልጅ ሁሉ ደሴ ይመጣ የነበረው?

ሌላ ምን ምርጫ ነበረ? ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የተጀመረው አዲስ አበባ ላይ ነው። ኮተቤ ያለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ በ1935 ተከፈተ። በ1938 ጄኔራል ዊንጌት ተከተለ። የክፍለ ሀገሩ ልጅ ዕድል የሚያገኘው በየጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሲቆምለት ነው። ለወሎ ያ ትምህርት ቤት ለብዙ ጊዜ ወይዘሮ ስህን ነበር።

የድሮውን ወሎ ስፋት አስቡት። ከየጁና ከራያና ቆቦ እስከ ቦረናና ወረኢሉ፤ ከዋግና ከላስታ እስከ አውሳ በረሃ። ዋድላ ደላንታ፣ ወረሂመኖ፣ አምባሰል፣ ቃሉ መሃል ላይ። ዛሬ ይኸ አገር በሦስት ክልሎች ውስጥ ተከፋፍሎ ይገኛል። ያኔ ግን በየአውራጃው ስምንተኛን ያለፈ ልጅ ዓይኑ ደሴ ላይ ነበር። አንዳንዱ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ አንዳንዱ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ይደርሳል።

ከገጠር የመጣው ተማሪ የት ይኖር ነበር?

በደባልነት ነዋ! የዚህ ትምህርት ቤት ታሪክ ትልቁ ክፍል፣ በእኔ አስተያየት፣ ከአጥሩ ውጭ ነው ያለው። ስለ መምህራኑ ብዙ ይወራል። ስለ ኪራይ ቤቶቹ ግን ማንም አልጻፈም ማለት ይቻላል።

ሦስት ወይ አራት ልጆች አንዲት ጭቃ ቤት ይከራያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ያገር ልጆች ናቸው፤ የአንድ አጥቢያ፣ አንዳንዴም የአጎትና የአክስት ልጆች። መደቡ ላይ አንድ ሰሌን ይነጠፋል። ጥግ ላይ የስንቅ ከረጢቶች ይደረደራሉ። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ከሁሉም በላይ ድርቆሽ። ድርቆሽ አይሻግትም። ቀጠን ያለ ሽሮ ውስጥ ፈትፍቶ መብላት ነው። ወሩ ሲጋመስ በርበሬው ያልቅና ሽሮው ነጭ ይሆናል። ተማሪ ይህን ወቅት በደንብ ያውቀዋል።

የደሴ ትልቁ ገበያ ሰኞ ነው። ሰኞ ገበያ ለነጋዴው ገበያ ነው፤ ለተማሪው ግን ፖስታ ቤቱ ነበር። ከአገር ቤት አህያ ጭኖ የመጣ ጎረቤት ወይ ዘመድ እዚያ ይገኛል። ልጁ በምሳ ሰዓት እየሮጠ ይሄድና በጭነቱ መሃል እየተሽሎከሎከ ያገሩን ሰው ይፈልጋል። ሲያገኘው መጀመሪያ ጉልበት ይስማል። «እናትህ ደህና ናት። ላሚቱ ወልዳለች። ይኸን አባትህ ላከልህ።» ከነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥራ የመጣች ጥቂት ብር ትፈታለች። ከዚያ ከረጢቱን ተሸክሞ ወደ ቤት፣ ከቤት ደግሞ ወደ ከሰዓቱ ክፍል። የሰኞ ከሰዓት ስም ጥሪ ላይ የሚጎድሉት እነማን እንደሆኑ መምህሩም ያውቃል። ብዙዎቹ አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር።

ሌላው የደባል ሕይወት መሃል ላምባ ነው። አንድ ኩራዝ፣ አራት አንባቢ። ላምባውን በየተራ ይገዛሉ፤ ተራውን የዘለለ ካለ ጠብ አለ። ፈተና ሲደርስ መንገድ መብራት ሥር ወጥቶ የሚያጠናም ነበር፤ በጋቢ ተጠቅልሎ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከባቲ ወይም ከቃሉ ቆላ ለመጣ ልጅ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ቀልድ አይደለም።

አከራዮቹስ? «የተማሪ አከራይ እናት ነበረች» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እንዲያ ያሉ እትዬዎች በእርግጥ ነበሩ። ቡና ሲያፈሉ «ኑ ልጆቼ» ብለው ጠርተው ከነቁርሱ የሚያጠጡ፣ ልጁ ሲታመም ዳማ ከሴ ጨምቀው የሚሰጡ። በአንጻሩ የውሃ እንስራ የሚቆጥሩ፣ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ በር የሚቆልፉም ነበሩ። ሁለቱም ደሴ ነው።

ትምህርት ቤቱ «ኮምፕሪሄንሲቭ» የሚባለው ምን ለማለት ነው?

ከቀለም ትምህርቱ ጎን ሙያ ይሰጣል ማለት ነው። ንግድ ሥራ፣ ሆም ኢኮኖሚክስ፣ የብረትና የእንጨት ሥራ። ሐሳቡ ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ልጅ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው። የታይፕ ክፍል ውስጥ ያለው የጽሕፈት መኪና ጩኸት ኮሪደሩን ይሞላው ነበር። ብዙ የደሴ የቢሮ ሠራተኛ እንጀራ የበላው በዚያ ጩኸት ነው። ሆኖም «ቀለሜ» የተባለው ልጅ ሳይንስ ይመርጣል፤ ሙያውን ዝቅ አድርጎ የማየት ነገር ያኔም ነበር፣ ዛሬም አልጠፋም።

እውነት አሜሪካኖችና ህንዶች ያስተምሩ ነበር?

አዎ። የአሜሪካ ሰላም ጓድ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1955 መባቻ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ270 በላይ ወጣቶች መጡ። በሀገሪቱ የነበረው የሁለተኛ ደረጃ መምህር በጣም ጥቂት ስለነበር ቁጥሩን በአንድ ጊዜ ወደ እጥፍ አስጠጉት። ደሴም የድርሻዋን አግኝታለች።

ህንዶቹ ደግሞ ቀደም ብለው ጀምረው ብዙ ቆይተዋል። ሒሳብና ሳይንስ በእነሱ እጅ ነበር። የድሮ ተማሪዎች ሲገናኙ የህንድ መምህራቸውን አነጋገር እየቀዱ ይስቃሉ፤ አልጀብራውን ግን አልረሱትም። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ከገጠር የመጣ ልጅ፣ በአማርኛ ስድስት ዓመት ተምሮ፣ በድንገት የካንሳስ እንግሊዝኛ ሲገጥመው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ይሸመድዳል፣ ቆይቶ ይገባዋል።

ወይዘሮ ስህን ከተማሪ ንቅናቄ ጋር ስሙ የሚነሳው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ሰው ነው። ዋለልኝ መኮንን የወይዘሮ ስህን ተማሪ ነበር። በኅዳር 1962 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ኅዳር 29 ቀን 1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ከጓዶቹ ጋር ተገደለ። በዋለልኝ ሐሳብ ተስማማንም አልተስማማንም፣ ከደሴ ወጥቶ የሀገሪቱን ክርክር የለወጠ ልጅ መሆኑን መካድ አይቻልም። ደሴ ውስጥ በስሙ ብቻ ሁለት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ሲጣላ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ አይነገርለትም፤ እኔ ግን ዋናው እሱ ይመስለኛል። ከ1957 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ነበረበት። አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ ነው የሚመደበው። 1957 ደግሞ «መሬት ላራሹ» አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የተጮኸበት ዓመት ነው። ስለዚህ መንግሥት ራሱ አበል እየከፈለ ሰልፈኛውን በየክፍለ ሀገሩ በተነው። ጠዋት ታሪክ ያስተምራል፣ ማታ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ስለ ጭሰኛ ያወራል። የወሎ ልጅ ደግሞ ጭሰኛ ማለት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም ነበር።

ሦስተኛው ረሃቡ ነው። በ1965 እና በ1966 ወሎ ሲራብ የተራበው ሰው በዋናው መንገድ ዳር፣ በከተሞቹ ደጃፍ ተሰልፎ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ፎቶ አንስተው ሄደው ለአዲስ አበባው ተማሪ አሳዩ። የደሴ ተማሪ ፎቶ አላስፈለገውም። ስንቁን የሚልክለት አባት ራሱ የሚበላው አጥቶ ነበርና። ያን ዓመት ሰኞ ገበያ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ ብዙ ነው።

ከዚያ የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ። ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ዕቅድ በመቃወም ነው። ወላጁ ዕቅዱን የተረዳው «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ አይማር» ብሎ ነበር። በዚሁ ተቃውሞ ዕቅዱ ቀረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ደግሞ የንጉሡ መንግሥትም አብሮ ሄደ።

የቀይ ሽብሩን ዘመን እዚህ ላይ በሁለት መስመር ማሳለፍ ይከብዳል። ደሴ ክፉኛ ከተመቱት ከተሞች አንዷ ናት። የሞቱት በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። ብዙ ቤተሰብ የዚያን ዘመን የክፍል ፎቶ አውጥቶ ማየት አይፈልግም፤ ጠያቂዎች ይህን ብታውቁ ጥሩ ነው።

አባቴ መቼ እንደተማረ ዓመቱን አያስታውስም። እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁት። ምን ሲሆን ስንተኛ ክፍል እንደነበረ ጠይቁት። የእኛ አባቶች በቁጥር ሳይሆን በክስተት ነው የሚያስታውሱት።

«ዕድገት በኅብረት ስዘምት 11ኛ ነበርኩ» ካለ ነገሩ አለቀ። ዘመቻው የተጀመረው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህራን፣ በጠቅላላው ወደ 60,000 ሰው ዘመተ። ትምህርት ተቋርጦ ስለነበር የማትሪክ (የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና) ዘመኑን ስታሰሉ ያን ክፍተት ጨምሩ። «መሠረተ ትምህርት ዘምቼ ገበሬ አስተምሬያለሁ» ካለ ደግሞ ከሐምሌ 1971 ወዲህ ነው። «አሜሪካዊት አስተማሪ ነበረችኝ» ካለ ከ1955 እስከ 1969 መሃል ፈልጉ።

ክፍሉም ይናገራል። «ሚኒስትሪ ተፈትኜ 9ኛ ገባሁ፣ ከዚያ ማትሪክ» የሚል ሰው የድሮው ሥርዓት ሰው ነው። «መሰናዶ ገባሁ» የሚለው ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ የመጣ ነው፤ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈትኖ 11ኛ የገባ።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አባትየው «በ66 ጨረስኩ» ሲል ልጅየው 1966ን በፈረንጅ ይዞ ይሄዳል። ፈረንጁን ወደ እኛ ስትመልሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላለው 7 ዓመት፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ዓመት ቀንሱ። የትምህርት ዘመን በሁለት የፈረንጅ ዓመት ላይ ስለሚጋልብ ስህተቱ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

ማትሪክ ያን ያህል ያስፈራ ነበር?

በጣም። የ12 ዓመት ልፋት በጥቂት ቀን ይቆረጣል። ውጤቱ ከ4 ይሰላል፤ «አራት ነጥብ አመጣ» የተባለ ልጅ ስሙ ከከተማው አልፎ ወረዳው ድረስ ይሰማል። ሌላው ደግሞ ድጋሚ ለመፈተን ኪራይ ቤቱ ውስጥ አንድ ዓመት ይከርማል። አጤሬራ የሚሠራም ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ቀመር የጻፈ ሁሉ ዛሬ «በእኛ ጊዜ ኩረጃ የሚባል አልነበረም» ሲል ስሰማ እስቃለሁ።

የዛሬው ልጅ ሌላ ዓይነት ፍርሃት አለበት። በ2015 ጥቅምት የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። በዚያ የመጀመሪያው ዙር በመላ ሀገሪቱ ከተፈተነው 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። የድሮ ተማሪዎች ይህን ሰምተው «የዛሬ ልጅ አይማርም» ይላሉ። በፈረቃ፣ ያለ ላቦራቶሪ፣ በጦርነት መሃል የተማረ ልጅን ከራሳቸው ጋር ባያወዳድሩ ደስ ይለኛል።

ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተማሪ እንዴት ነበር?

ደባል ሆነው። ከአንድ አገር የመጡ ልጆች አብረው ሲከራዩ ሃይማኖት ማን ይጠይቃል? አንድ ቤት ውስጥ ሥጋው ብቻ ይለያል፤ ሽሮው የጋራ ነው። ለዚህም ነው የደባል ቤት ዋና ወጥ ሽሮ የነበረው (ድህነቱ ሌላው ምክንያት ሆኖ)። ረመዳን ላይ ክርስቲያኑ ደባል ማፍጠሪያ ሲጠብቅ አብሮ ይጠብቃል፤ ፍስክ ሲገባ የተገላቢጦሽ ነው። ፈተና ሲቃረብ አንዷ እናት ስለት ትሳላለች፣ ሌላዋ ዱዓ ታስደርጋለች። ዱዓው ሲደረግ «ለጓደኞቹም» ማለት አይረሳም።

ሁሉም ነገር ማርና ወተት ነበር እያልኩ አይደለም። ወሎን እንደ ፖስት ካርድ የሚስሉ ጽሑፎች ይበዙብኛል። ግን ይህ አብሮ መኖር በስብከት የመጣ አይደለም። የአንድ ቤት ልጆች መሐመድም ተስፋዬም እየተባሉ ያደጉበት አገር ነው።

ሴት ተማሪዎችስ?

በሴት ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ግን በየክፍሉ ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ምክንያቱ ከአጥሩ ውጭ ነው። ወንድ ልጅ ደባል ገብቶ ይኖራል። ሴት ልጅን ደሴ ላይ ብቻዋን ቤት አከራይቶ የሚያስቀምጥ አባት ግን ከየት ይመጣል? ዘመድ ቤት ካልተገኘ ትምህርቱ ስምንተኛ ላይ ያበቃል። ዘመድ ቤት የገባችውም ቢሆን እንጀራ ጋግራ፣ ውሃ ቀድታ፣ የሰው ልጅ አዝላ ነው ወደ ክፍል የምትሄደው። በየአውራጃው፣ በኋላም በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ሲከፈት ከሁሉ በላይ የተጠቀመችው ሴት ልጅ ናት። ከቤቷ እየተመላለሰች መማር ቻለች።

ሙዚቃና ስፖርትስ?

ከአራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ልጆቹ ከየአገራቸው ይዘውት የሚመጡትን ዘፈን አስቡት። የወላጆች ቀን ሲደርስ መድረኩ ላይ የላስታው እስክስታ ከራያው ጭፈራ ጋር ይገናኛል። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ ኪነት ስም ሲገን በየትምህርት ቤቱም ኪነት የማይሞክር አልነበረም። እግር ኳሱ ደግሞ ሆጤ ሜዳ ላይ ነው። የጥያቄና መልስ ውድድርም ነበር። ተሸናፊው ሁልጊዜ «ዳኛው አዳላ» ይላል።

በ2014 ጦርነት የደሴ ትምህርት ቤቶች ምን ሆኑ?

መጀመሪያ መጠለያ ሆኑ። ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ የሰፈረው በትምህርት ቤቶቹ ክፍሎች ውስጥ ነው። ወንበሩ ወደ ጎን ተገፍቶ ቤተሰብ በቤተሰብ ላይ ተኛ። በጥቅምት መጨረሻ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትወድቅ ተፈናቃዩም ነዋሪውም ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደደ። ኅዳር 27 ቀን ከተማዋ በመንግሥት እጅ መመለሷ ተነገረ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው ኅዳር 26 ቀን 1928 ነበር። ያኔ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተመቷል። ደሴ ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለተቀመጠች ጦርነት ሲመጣ እሷን ሳይነካ አያልፍም።

የድሮ ትራንስክሪፕት ወይም የማትሪክ ሰርተፊኬት ከየት ይገኛል?

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚንገላታው እዚህ ላይ ነው። የማትሪክ ውጤት ማስረጃ የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት ግን የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው። መዝገቡ ወዴት እንደተዛወረ ካልታወቀ የከተማውን ትምህርት መምሪያ ጠይቁ።

ከመሄዳችሁ በፊት በመዝገብ የተጻፈውን ስም አጣሩ። እቤት የምንጠራበት ስምና ትምህርት ቤት የተመዘገብንበት ስም አንድ ላይሆን ይችላል። የአያት ስም፣ የጨረሱበት ዓመት፣ የክፍል ሴክሽን (12ቢ፣ 12ሲ)፣ አሮጌ ሪፖርት ካርድ ካለ እሱንም ያዙ። ውጭ አገር ያላችሁ ውክልና በኤምባሲ በኩል ላኩ፤ እዚህ ደግሞ በውጭ ጉዳይና በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ያለ ውክልና «ወንድሜ ሄዶ ያምጣልኝ» የሚባለው ነገር አይሠራም።

ልጄን ዛሬ ወይዘሮ ስህን 9ኛ ክፍል ማስመዝገብ እችላለሁ?

ወይዘሮ ስህን ዛሬ የሚታወቀው በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅነቱ ነው። ለቀለም ትምህርት ሆጤ አለ፣ መምህር አካለ ወልድ አለ፤ ሁለቱም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ናቸው። የድሮዎቹ አንዳንዶቹ ኮሌጅ መሆኑን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። እኔ አይለኝም። ያ «ዝቅ ያለ» የተባለው የሙያ ትምህርት በመጨረሻ ግቢውን መረከቡ እንዲያውም ትንሽ ያስቀኛል።

ለመጎብኘት ስንመጣ ምን እንይ?

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ ሳታዩ አትመለሱ። የደሴ ሙዚየምም አለ። ጊዜ ካላችሁ በጠዋት ተነሥታችሁ ወደ ጦሳ ተራራ ቀና በሉ፤ ክረምት ከሆነ ግን ጉሙ ምንም አያሳያችሁም።

ፎቶ ይዛችሁ ከመጣችሁ ከጀርባው ስም ጻፉበት። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሙሉ ስም፣ የመጡበት አውራጃ ጭምር። «ይኼኛው እንትን ነው፣ የወረኢሉው» እየተባለ ስሙ የጠፋ ሰው በዝቷል። ሰኞ ከደረሳችሁ ደግሞ መኪናችሁን ከገበያው ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ካልሆነ እስከ ማታ አትወጡም።